ቆጣሪው የማን ነው?

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የጻፍኩት፤ ቡና ይዛችሁ አንብቡት። ጉዳዩ ውኃና መብራት ነው። "ቲቸር ደግሞ ክረምት ከበጋ ስለ አምፖል ያወራል" የምትሉ አትጠፉም፤ ግን ዛሬ የማነሳው ስለ አምፖል ብቻ አይደለም፣ ስለ ኪሳችንና ስለ አመላችን ነው።

ከዋጋው ልጀምር። የመብራት ታሪፍ ለብዙ ዓመት ሳይነካ ቆይቶ በታኅሣሥ 2011 በአራት ዓመት ተከፋፍሎ መጨመር ጀመረ። ጭማሪው ሲጠናቀቅ በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት ለአንዱ 27 ሳንቲም ገደማ ነበር የሚከፍለው። ከ500 በላይ የሚጠቀመው ግን ለአንዱ 2 ብር ከ48 ሳንቲም ደርሶበት ነበር። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደግሞ ሌላ የአራት ዓመት ማስተካከያ መጣ፤ ይኼኛው በየሦስት ወሩ የሚጨምር ነው። የአሠራሩ ሐሳብ ግን ያው ነው፦ ብዙ በተጠቀምን ቁጥር የአንዱም ዋጋ ከፍ ይላል። ደመወዛችን በየሦስት ወሩ እንደማይጨምር ደግሞ እኔም እናንተም እናውቃለን።

ታዲያ ለምን አንቆጥብም? መልሴ አጭር ነው፦ የምናባክነው ቆጣሪውን በማናይበት ቦታ ነው። ሂሳቡ በቀጥታ ከኪሳችን ሲወጣ ሁላችንም ቆጣቢ ነን። ሂሳቡ ወደ አከራይ፣ ወደ መሥሪያ ቤት ወይም ወደ "መንግሥት" ሲሄድ ግን ዓይናችን ይጨፈናል።

መጀመሪያ ቤታችንን እንይ። ተማሪዎቼ ይቺን አትረሷትም፦ ዋት በሰዓት ሲባዛ፣ ለ1000 ሲካፈል፣ ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። ለፈተና ብቻ አልነበረም ያስተማርኳችሁ!

የእንጀራ ምጣድ 3500 ዋት አካባቢ ይስባል። አንድ ጊዜ ሁለት ሰዓት ከተጋገረበት 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። በሳምንት ሁለቴ፣ በወር ስምንት ጊዜ ቢጋገር 56 ይሆናል። አያችሁ? ሌላ ምንም ሳይበራ ምጣዱ ብቻውን የመጀመሪያውን እርከን አለፈው። ምጣድ አትጠቀሙ አልልም፤ እንጀራ ሳይበላ የሚታደር ቤት የለንም። ግን ምጣዱ እስኪግል የሚበላው መብራት አንድም እንጀራ አያወጣም። ሁለቴ ከማጋል በሳምንት አንዴ አብዝቶ መጋገር ይሻላል። አዳማ ቢሆን ሙቀቱ እንጀራውን ያሻግተዋል፤ የእኛ የአሰላ ብርድ ግን ለዚህ እንኳን ይጥቀመን እንጂ! ደግሞ ምጣዱ ሸክላ ስለሆነ ቶሎ አይበርድም። የመጨረሻዎቹን አንድ ሁለት እንጀራ አጥፍቶ በሙቀቱ ማውጣት ይቻላል። ይሄን እናቶቻችን ያለ ፊዚክስ ያውቁታል። ጎረቤታሞች ተነጋግረው አንዷ እንደጨረሰች ሌላዋ ሳይበርድ ብትቀጥል ደግሞ የበለጠ ነው።

አምፖል ላይ ደግሞ ልዩነቱ ይገርማችኋል። ባለ 60 ዋት ባለ ክር አምፖል፣ አምስቱ በቀን አምስት ሰዓት ቢበሩ በወር 45 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላሉ። ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ሲሆኑ 7 እንኳን አይሞሉም። ያንኑ ቤት ነው የሚያበሩት። ሻይ ለመጠጣት በየሰዓቱ ውኃ ከማፍላት አንዴ አፍልቶ ፔርሙስ ውስጥ ማስቀመጥም እንደዚያው ነው። ካውያም የሳምንቱን ልብስ በአንድ ጊዜ ቢተኩስ ይሻላል፤ በየጠዋቱ ለአንድ ሸሚዝ ማጋል ትርፉ ኪሳራ ነው።

አሁን ወደ ውኃ። በሰዓት አንድ ሊትር የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ማንም ከቁጥር አያስገባውም። በቀን ግን 24 ሊትር ነው። በወር 720 ሊትር፣ ማለትም 36 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን። ካላመናችሁኝ ዛሬ ማታ ባለ አንድ ሊትር ባዶ ሃይላንድ ከቧንቧችሁ ሥር አስቀምጡና ሰዓት ያዙ። ያን ሁሉ ውኃ የሚያስቆመው ብዙ ጊዜ አንዲት ትንሽ ጎማ ናት። ሽንት ቤት ደግሞ ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚያፈስሰው። ማጠራቀሚያው ውስጥ የምግብ ቀለም ጠብ አድርጉና ሳትለቁት ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፤ ቀለሙ ሳህኑ ላይ ከወረደ ሌባው እሱ ነው።

አርሲ ላይ ሆነን ደግሞ ስለ ዝናብ አለማውራት ነውር ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣራ ላይ አንድ ሊትር ነው። 40 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ አንድ ቀን 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 400 ሊትር ነው። ሩቡ ባክኖ እንኳን 15 ጀሪካን ይቀራል። ክረምቱን ሙሉ ይሄ ውኃ በአሸንዳ ወርዶ መንገዱን ጭቃ ያደርግልናል፤ እኛ ደግሞ በቧንቧ ውኃ ልብስ እናጥባለን። ለመጠጥ አይሁን፤ ለልብስ፣ ለወለልና ለሽንት ቤት ግን አንድ በርሜል ብዙ ነገር ይሸፍናል። አቅም ያለው ሮቶ ይግዛ።

እስካሁን ያልኩት በየቤታችን ልንሠራው የምንችለውን ነው። ከባዱ ነገር ቆጣሪው የጋራ ሲሆን ነው።

የኪራይ ግቢን አስቡ። አምስት ቤተሰብ፣ አንድ ቆጣሪ። ሂሳቡ የሚከፈለው በአምፖል ቁጥር ወይም በግምት ነው። የሚቆጥበውም የሚያባክነውም እኩል ስለሚከፍል ማን ይቆጥባል? ከዚያ ጭቅጭቅ፣ ኩርፊያ፣ "ካውያ ክልክል ነው፣ ምጣድ ክልክል ነው" የሚል ሕግ ይመጣል። ከዚህ የባሰው ግን ሌላ ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ 50 ብቻ ቢጠቀም የየራሱ ቆጣሪ ቢኖረው ኖሮ ዝቅተኛው እርከን ላይ ይቀር ነበር። በአንድ ቆጣሪ ሲደመር ግን 250 ስለሚሆን ሂሳቡ ወደ ላይኛው እርከን ይወጣል። ለደሃ ተብሎ የተቀመጠው ዋጋ ለተከራዩ ደሃ አይደርሰውም ማለት ነው። አከራዮች፣ እባካችሁ ለየቤቱ የውስጥ ቆጣሪ አስገቡ። እርከኑን ባያስተካክለውም ግምቱንና ጭቅጭቁን ያስቀራል፤ እያንዳንዱም የተጠቀመውን ያያል። ለየቤቱ የራሱን ቆጣሪ ማስገባት የሚችል ካለ ደግሞ ትልቅ ውለታ ነው።

መሥሪያ ቤትም ያው ነው። አሥር ባለ 100 ዋት የግቢ መብራቶች ጠዋት ሳይጠፉ ቢቀሩ በቀኑ 12 ሰዓት ውስጥ 12 ኪሎ ዋት ሰዓት በፀሐይ ላይ ያበራሉ። በወር 360። ቅድም ያሰላነው ምጣድ 56 ነበር አይደል? የስድስት ቤት እንጀራ ማለት ነው፣ በጠራራ ፀሐይ የተቃጠለ። ጥበቃውን አትውቀሱት፤ "ሲነጋ አጥፋ" ያለው ሰው የለም። ኃላፊውም ሂሳቡን አያየውም፣ ፋይናንስ ነው የሚከፍለው። ፋይናንስ ደግሞ መብራቱን አያየውም። እንዲህ እያለ የሁሉም የሆነው የማንም ይሆናል።

አንድ የማይነገር ነገርም አለ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የቆጠበው ገንዘብ ሰኔ 30 ላይ ተመላሽ ነው። ስለዚህ ቢቆጥብም ባይቆጥብም ለውጥ አያይም። እኔ ብጠየቅ በዓመቱ አጋማሽ ላይ ከመብራትና ከውኃ የተረፈው በበጀት ዝውውር ወደ ሌላ ሥራ ማስኬጃ እንዲዞር አደርግ ነበር። ትምህርት ቤት ከሆነ ጠመኔ፣ የፈተና ወረቀት፣ የላብራቶሪ ዕቃ ይገዛበታል። ተማሪው "ይሄ መጽሐፍ ቧንቧው ስለተጠገነ የመጣ ነው" ቢባል በሚቀጥለው ቀን ቧንቧውን ራሱ ይዘጋዋል።

አሁን የምትከራከሩኝን ልመልስ።

"ህዳሴው አልቆ የምን ቁጠባ?" ትላላችሁ። እውነት ነው፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ሁላችንም ያዋጣንበት ነው፣ ያኮራል። እኛው አካባቢም ከበቆጂ ወዲያ በዋቤ ሸበሌ ላይ መልካ ዋከና 153 ሜጋ ዋት ይዞ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ አለ። ኢተያ ላይ ደግሞ 100 ሜጋ ዋት የታሰበለት የነፋስ ኃይል ተጀምሯል። ግን ግድቡ ማለቁ ታሪፉን አላስቀረውም፤ በሰፈራችን ያረጀውን ትራንስፎርመርም አልቀየረውም። ማታ ሁሉም ምጣዱን ሲለኩስ የሚፈነዳው እሱ ነው። ደግሞ አንርሳ፦ የኢትዮጵያ መብራት በአብዛኛው ውኃ ነው። ግንቦት 2011 ላይ የግቤ ሦስት ሐይቅ ውኃ ቀንሶ አገሪቱ በፈረቃ የገባችበትን ታስታውሳላችሁ። ግቤ ሦስት 1,870 ሜጋ ዋት ነው፤ ትልቅነቱ ከፈረቃ አላዳነንም። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚባለው ለዚህ ነው።

"ዋናው ብክነት እኮ መስመሩ ላይ ነው፣ መንገድ ላይ የፈነዳው ቧንቧ ሳምንት ይፈስሳል" ለምትሉም፣ ልክ ናችሁ። ይሄን መጠየቅ መብታችን ነው፤ ፎቶ አንስታችሁ ለሚመለከተው አሳውቁ፣ ወትውቱ። ግን የነሱ ጥፋት የእኛን ቧንቧ አይጠግነውም። የእኔ ሂሳብ የሚወጣው በእኔ ቆጣሪ ካለፈው ላይ ነው።

ሦስተኛው ክርክር ግን እኔንም ያሳስበኛል። አንድ አምፖል ብቻ ያለው ሰው ምኑን ይቆጥባል? ምንም። ለሱ "ቆጥብ" ማለት ስድብ ነው። ይሄን ጽሑፍ የጻፍኩት ለሱ አይደለም፤ ውኃም መብራትም ለተትረፈረፈልን ነው። ጠዋት የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ አርፍዳ የምትገባ፣ ከገባችም የምታንቀላፋ ተማሪ መምህር የሆነ ሁሉ ያውቃታል። "ለምን አረፈድሽ?" ስትባል አንገቷን ደፍታ "ቦኖ ወረፋ ይዤ" ትላለች። ውኃ ሲያንስ መጀመሪያ የሚቋረጠው ከፍታ ላይ ባለው ሰፈርና በመስመሩ ጫፍ ነው። ታች ያለው የእኛ ቧንቧ ሌሊቱን ሙሉ ሲያንጠባጥብ እዚያ ላይ ግፊት ይቀንሳል። የእኛ ቸልተኝነት ብር ብቻ አይደለም የሚያስከፍለው፣ የሷን የሒሳብ ትምህርት ጭምር ነው።

ስለዚህ የምለምናችሁ ቀላል ነገር ነው። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን የመብራትና የውኃ ቆጣሪያችሁን አንብቡ፤ ቁጥሩን በር ላይ ወይም ካላንደር ላይ ጻፉት። በሚቀጥለው ወር ቀንሱት። ልጆቻችሁ ያንብቡት፣ መቀነስ ይለማመዱበታል። በቴሌብር የምትከፍሉ ደግሞ ብሩን ብቻ ሳይሆን የተጠቀማችሁትን መጠንም እዩ፤ ዋጋው ሲጨምር ብሩ ያሳስታል፣ መጠኑ ግን አይዋሽም። ኃላፊ የሆናችሁ የመሥሪያ ቤታችሁን የወር ፍጆታ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፉት። ስብሰባም ሥልጠናም አያስፈልገውም፣ አንድ ወረቀት ይበቃል። ሰው ያየውን ነገር ነው የሚጠብቀው።

የእናንተን ቁጥር ከታች ጻፉልኝ። ከወር በኋላ እናወዳድራለን። በጣም የቀነሰውን ቡና እጋብዛለሁ፤ ውኃው ከፔርሙስ ነው ታዲያ!

ሰላም ዋሉ።