ከጉልበት በፊት ፍሬን

«ቮልሴን ላፈጥናት ነው» የሚል ሰው በዚህ በልደታ ማርያም አካባቢ በርክቷል። ዕቅዱ ሲነገር ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። 1300ው ሞተር ይወርድና 1600 ይገባል፤ ካርቡራቶሩ ሁለት ይሆናል፤ ማርሚታው ተቆርጦ አፉ ይሰፋል፤ የኋላው ጎማ እንደ ትራክተር ጎማ ይወፍራል። ከዚያስ? ከዚያማ ጧት ልጅን ትምህርት ቤት አድርሶ፣ ሜክሲኮን አቋርጦ ቢሮ መግባት፣ ማታም በመጡበት መመለስ ነው።

ነገሩ የጣዕም ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ እያንዳንዱ እንደ ፍጥርጥሩ ብዬ ባለፍኩት። መንገዱ ግን የጋራ ነው። በልደታ ፍርድ ቤት ደጃፍ ፋይሉን በብብቱ ሸጉጦ፣ ሐሳቡ ከቀጠሮው ላይ ሆኖ መንገድ የሚሻገረው ባለጉዳይ የዚህ ዕቅድ ባለድርሻ ነው፤ የጠየቀው የለም እንጂ። ስለዚህ በእሱ ስም እከራከራለሁ፤ ይህ ዕቅድ ከእግሩ ሳይሆን ከራሱ የቆመ ነው። መጀመሪያ መምጣት ያለበት መጨረሻ ላይ እንኳ አልተጠቀሰም።

እስቲ «ጉልበት አነሳት» ከሚለው ክስ እንነሣ። 1300ዋ ቮልስ ከፋብሪካ ስትወጣ 40 የፈረስ ጉልበት ነበራት። ያ የተለካው ግን በባሕር ጠለል አየር ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። እዚህ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተርም እንደ ሰው የሚተነፍስ ነገር ነውና ከጉልበቱ ከአንድ አምስተኛ እስከ አንድ አራተኛ ያህሉን ለከፍታው ይገብራል። 40 የነበረው 30 ወይም ጥቂት ከፍ ያለ ይሆናል ማለት ነው። ያ ሁሉ ብር ፈሶበት የሚገጠመው ባለ 50 የፈረስ ጉልበት 1600ም ከዚህ ግብር አያመልጥም፤ እሱም ተቀንሶለት ወደ 40 ይጠጋል። እንግዲህ ባለ ዕቅዱ ወንድማችን የገዛው ሌላ ተአምር አይደለም። አሮጌዋ 1300 ምጽዋ ወደብ ላይ ብትቆም ኖሮ የሚኖራትን ጉልበት ነው የገዛው።

በዚህ ላይ አብዛኞቹ ቮልሶቻችን ያንኑ የቀረላቸውን ጉልበት እንኳ በቅጡ አያገኙም። ካርቡራቶራቸው ለቆላ አየር የተቃኘ ነው። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ አብሮ አልሳሳም፤ ስለዚህ ሞተሩ ማቃጠል ከሚችለው በላይ ይጎርሳል። ካንዴላውን ፈትታችሁ ተመልከቱ፤ ጥላሸት ለብሶ ታገኙታላችሁ። የቸርችልን ጎዳና ዳገት ስትወጣ የምታስለው ለዚህ ነው። መኪናዋ ቁንጣን ይዟታል እንጂ አልተራበችም! ቁንጣን ለያዘው ሰው ሁለተኛ ገበታ መዘርጋት ደግ አይደለም፤ ሁለተኛ ካርቡራቶር ግን እንደ መድኃኒት ይታዘዝላታል። መድኃኒቱስ በካርቡራቶሩ ውስጥ የቤንዚኑን መጠን የምትወስነውን፣ ከጥፍር የማትበልጥ የነሐስ ቁራጭ ቀዳዳዋ ጠበብ ባለች መለወጥ፣ የቫልቮቹን ክፍተት ማስተካከል፣ የእሳቱን ሰዓት በመብራት ማስለካት ነው። የሚያውቅበት መካኒክ ካገኘ የአንድ ቀን ሥራ ቢሆን ነው። ችግሩ ይህ ሥራ ለወሬ አይመችም። «ቫልቭ አስተካከልኩ» ብሎ ጓደኛ ፊት የሚኮፈስ ማን ነው?

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ወደ ፍሬኑ። በአሮጌዎቹ ቮልሶች ላይ አራቱም ጎማ የሚይዘው በታምቡር ፍሬን ነው። ከእነዚያ ውስጥ ብዙዎቹ ደግሞ የፍሬን ዘይታቸው በአንድ መስመር ብቻ የሚሄድ ነው። አንዲት ጎማ ጋ ያለች ቱቦ ብትቀደድ አራቱም ፍሬን ባንድ ጊዜ ይጠፋል፤ ፔዳሉ ወለል ይነካል፤ የቀረው የእጅ ፍሬንና ጸሎት ነው። እንዲህ ባለ መኪና ላይ ነው ጉልበት የሚጨመረው። ፍጥነት ከ40 ወደ 60 ኪሎ ሜትር ከፍ ሲል ፍሬኑ የሚሸከመው ሥራ በግማሽ አይደለም የሚጨምረው፤ ከዕጥፍ በላይ ይሆናል። ይህ የፊዚክስ ሕግ ነው፤ ይግባኝ የለውም።

ፋብሪካው ራሱ ይህን አሳምሮ ያውቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 1500 የተባለችውን ቮልስ ሲያወጣ ጉልበቷ 44 ነበር፤ ከ1300ዋ በ4 ብቻ ትበልጣለች። ለዚያች ለ4 የፈረስ ጉልበት ሲል ለአውሮፓ ገበያ በሠራቸው ላይ የፊት ጎማዎቹን በዲስክ ፍሬን አደረገ። የእኛ ሰው 10 ጨምሮ ፍሬኑን እንዳለ ይተዋል። ማን ነው እንግዲህ ስለ ቮልስ ይበልጥ የሚያውቀው?

የኋላ እግሯም ሌላ ጣጣ ነው። በቀደሙት ቮልሶች የኋላ አክስሉ የሚታጠፈው ካምቢዮው ጋ ብቻ ስለሆነ፣ በፍጥነት ገብታ ድንገት ነዳጅ ሲለቀቅባት ጎማዋ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ጭራዋን ትወረውራለች። ሰፊ ጎማ ይህን አያድንም። መብራቱን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ ባለ 6 ቮልቷን ቮልስ በሌሊት የነዳ ሰው ሻማ ይዞ እንደ መሄድ መሆኑን ያውቀዋል። ወደ 12 ቮልት ማዞር ግዴታ ነው።

ሙቀቱን ግን ዝም ብዬ አላልፈውም። ቮልስ ራዲያተር የላትም፤ የሚያቀዘቅዛት አየርና ሁለት ሊትር ተኩል ዘይት ነው። ለማቃጠል የሳሳው አየር ለማቀዝቀዝም ሳስቷል። በዚያ ላይ ከሞተሩ ዙሪያ ላሜራው ተነቅሎ፣ የዳር ጎማው ተበልቶ፣ ትኩሱ አየር ተመልሶ ይሳባል። በአሮጌዎቹ ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው የነፋሱን መንገድ ስለሚዘጋ ሦስተኛው ሲሊንደር ከሌሎቹ ይብሳል፤ ፋብሪካውም በኋላ ማቀዝቀዣውን ከቦታው አዛውሮታል። እንግዲህ ላሜራው ሳይሟላ ትልቅ ሞተር መግጠም ማለት ጠባብ ወጥ ቤት ውስጥ ትልቅ ምድጃ አስገብቶ መስኮቱን መድፈን ነው።

«ጀርመኖቹስ ያሻሽሉ የለም ወይ?» ይሉኛል። አዎን፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ኦክራሳ የሚባል የጀርመን ድርጅት ለቮልስ ባለ ሁለት ካርቡራቶር ማሻሻያ ይሸጥ ነበር። ታዲያ እነሱ የሚነዱት በሜዳ፣ በአውቶባን፣ በወፍራም አየር ነው። ለእኛስ ጉልበቱ ለምን? መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከቤተ መንግሥት ይዞ የወጣው መኪና ቮልስዋገን ነበር። ዘውድ ለማውረድ የበቃ ጉልበት ለልደታ መንገድ ሊያንስ ነው?

ከወዲያ ማዶ ደግሞ «ኦሪጅናሏ አይነካ» ባዮች አሉ። ከእነሱም ጋር አልስማማም። ባለ አንድ መስመር ፍሬን ቅርስ አይደለም፤ አደጋ ነው። ጋራዥ ውስጥ የምንናገረውን ቋንቋ እንኳ እዩት፤ ጣልያን ፍሬኖ ያለውን ፍሬን፣ ማርቻ ያለውን ማርሽ ብለን ለአፋችን እንደሚመች አድርገን ነው የወሰድነው። ቃሉን ያልማርነውን መኪናዋን ስለምን እንምራት? የሚለወጠው ነገር አብሯት ለሚኖረው ሰው ይበጅ ወይ ነው ጥያቄው።

አብረን መኖራችን ደግሞ የማይቀር ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ የቤት መኪና እንዳይገባ መንግሥት ከለከለ። ቮልስም ከ21 ሚሊዮን በላይ ከተሠራች በኋላ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 ሜክሲኮ አገር ፑብላ ላይ ምርቷ ቆሟል። ስለዚህ ሶማሌ ተራ ተፈልጎ የሚገኘው ዕቃ እያለቀ የሚሄድ ዕቃ ነው። አንድ ወጣት ለጉራ አንገብግቦ የሚሰነጥቀው ቴስታታ የሱ ብቻ አይደለም፤ የነገ ገዢ ሌላ ምስኪን ባለ ቮልስ አለ።

አንተ ወንድሜ፣ ገንዘቡን እንዲህ አውጣው። ባለ ሁለት መስመር የፍሬን ማስተር አስገባ፤ ቱቦዎቹን ሁሉ በአዲስ ለውጥ፤ ከተገኘ የፊቱን ዲስክ አድርግ። ቀጥሎ ጎማና መብራት። ከዚያ ላሜራውን አሟላ፤ ካርቡራቶሩን ለደጋ አስቃኝ። ይህ ሁሉ አልቆ ብር ከተረፈህ 1600ውን ግጠም፤ እኔም አልከለክልህም። ማርሚታውን ግን አትንካው፤ ባልቻ ሆስፒታል የተኛ ሰው አለ።