ስለ ቡና መጋዘን ምሰሶ ምርመራ

በዲላ ከተማና በጌዴኦ ገጠር በእንጨት ምሰሶ የቆሙ የቡና መጋዘኖች ጥቂት አይደሉም፤ የቡና ማድረቂያ አልጋዎችም እንዲሁ። ነጋዴው ጆንያውን ሲያስቈጥርና ዋጋውን ሲከታተል ይውላል፤ ቡናውን ያስጠለለውን እንጨት ግን ጣሪያው እስኪዘነበል ድረስ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ምሰሶ ከውጭ ደኅና መስሎ በውስጡ ሊበሰብስ ስለሚችል፣ ቢያየውም ዓይን ብቻውን አይበቃም።

እንጨት የሚበሰብሰው እርጥበት ሲያገኝ ነው። እርጥበቱ ከደረቅ ክብደቱ ከመቶ 20 እጅ በታች ከሆነ መበስበስ አይጀምርም። ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ በሚመጣበት በዲላ አካባቢ ግን የምሰሶው እግር ከመሬት በሚገናኝበት ስፍራ እርጥብ ሆኖ ይሰነብታል፤ ምስጥም የሚገባው በዚያው በኩል ነው። ጭቃው ሲመረግ ቀለሙም ሲቀባ ጕዳቱ ጭራሽ ይሰወራል።

አናጢዎች እንጨቱን በመዶሻ እየመቱ ድምፁን ማዳመጥ የቈየ ልማዳቸው ነው፤ ጤነኛው ጥርት ያለ፣ ባዶው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። የዛሬው የንዝረት ምርመራ ይህንኑ ልማድ ወደ ቍጥር የለወጠ ነው። ምሰሶው ይመታል፤ በላዩ የተያያዘው መሣሪያ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደ ተንቀጠቀጠ ይመዘግባል። ክብደቱ ሳይለወጥ ግትርነቱ በግማሽ ቢቀንስ፣ በሰከንድ 100 ጊዜ ይንቀጠቀጥ የነበረው ወደ 71 ገደማ ይወርዳል። በሌላው ዘዴ ደግሞ ምቱ ከምሰሶው አንድ ጎን ወደ ሌላው ለመድረስ የፈጀው ጊዜ ይለካል፤ የበሰበሰ ስፍራ ካለ ይዘገያል።

መሣሪያው ግን ጠንቋይ አይደለም። እርጥበቱ፣ ሸክሙ፣ የሚስማሩም መላላት ንዝረቱን ይለውጡታል። ስለዚህ ምሰሶው ገና ደኅና ሳለ ተለክቶ ቍጥሩ ሊጻፍ፣ ከዚያም በየዓመቱ መጋዘኑ ባዶ በሆነበት በአንድ ወቅት ሊለካ ይገባል። አጠራጣሪው በቀጭን መሰርሰሪያ ተበስቶ ይረጋገጣል። አንድ ምሰሶ ተሰብሮ ስለ ተገኘ ብቻ ሁሉንም ነቅሎ መጣል ደግሞ ገንዘብንም ዛፍንም ማባከን ነው፤ ይህ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ባህላዊ መልክዓ ምድሩ በዓለም ቅርስነት ለተመዘገበለት ለጌዴኦ አገር አይስማማም።

ቡና ቢበላሽ በሚቀጥለው ዓመት ይተካል። በዚያው ጣሪያ ሥር ቁጭ ብለው ቡና የሚለቅሙት ሴቶችና ጆንያ የሚሸከሙት ሠራተኞች ግን ምትክ የላቸውም። ባለመጋዘኑ መሣሪያው ተወደደብኝ ቢል ሰበቡ ተቀባይነት የለውም፤ አንዱን መሣሪያ ብዙ ነጋዴዎች በመዋጮ ሊገዙት ይችላሉና። የንግድ ምክር ቤቱ መዋጮውን ቢያስተባብር፣ በዲላ ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና መምህራንም ዘንድ ሁለት አናጢዎች አሠልጥኖ በየመጋዘኑ ቢያዞር፣ አዲሱ ቡና በጥቅምት መግባት ሳይጀምር የመጀመሪያው ልኬት ሊጠናቀቅ ይችላል።