በቤት ውስጥ ስለሚዘረጋ የኤሌክትሪክ ሽቦና ስለ መጋጠሚያው

የኤሌክትሪክ መብራት በ1890 ዓ.ም. ገደማ በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ከበራ ወዲህ ብዙ ዘመን አልፏል። ያን ጊዜ ለመብራት የመጣው ኃይል ዛሬ እንጀራ ይጋግራል፤ ልብስ ይተኩሳል፤ ውሃም ያፈላል። ሽቦ የማጋጠሙ ልማድ ግን በብዙ ቤት ገና በአምፑል ዘመን እንደ ቀረ ነው።

ባለፈው ክረምት በአየር ጤና በጎረቤታችን የሆነውን እነግራችኋለሁ። ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ በሚገኙት ግቢዎች ከዋናው ቤት ኋላ ሰርቪስ የሚባል የኪራይ ቤት መሥራት የተለመደ ነው፤ መብራቱም ከዋናው ቤት ሽቦ ተቀጥሎ ይሄዳል። የእኒህም እናት ግቢ እንዲሁ ነው። አዲሲቱ ተከራይ ምጣዷን ሰክታ ሊጥ ማፍሰስ ስትጀምር ከኮርኒሱ ጭስ ወጣ። ቀን ስለ ነበረና ሰው ስላልታጣ ዋናው ማጥፊያ ቶሎ ተዘጋ። ኮርኒሱ ተነሥቶ ሲታይ ሁለት ሽቦዎች በእጅ ተጠምዝዘው በፌስታል ተጠቅልለው ተገኙ። ፌስታሉ ቀልጧል፤ አጠገቡ ያለውም እንጨት ጠቁሯል።

«ልጄ፥ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲያበራልን የኖረ ሽቦ ዛሬ ምን ነካው?» አሉኝ።

«እማማ፥ ስድስት ዓመት የተሸከመው አምፑል ብቻ ነው» አልኋቸው።

የነገሩ ምክንያት እንዲህ ነው። በአገራችን የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። 60 ዋት የሆነ አምፑል ሲበራ በሽቦው የሚያልፈው ከረንት ሩብ አምፔር ያህል ነው፤ 3,500 ዋት የሆነ ምጣድ ሲሰካ ግን 16 አምፔር ይደርሳል። ከረንቱ ዕጥፍ ሲሆን ደግሞ በመጋጠሚያው ላይ የሚወጣው ሙቀት አራት ዕጥፍ ይሆናል። እንግዲህ የላላ መጋጠሚያ የአንድ ኦም ዐሥረኛ ያህል ቢያግድ፥ በአምፑሉ ጊዜ የሚወጣው ሙቀት የአንድ ዋት መቶኛ እንኳ አይሞላም፤ በምጣዱ ጊዜ ግን 25 ዋት ያህል ነው። ይህ ሁሉ ሙቀት ጣት በማታህል ቦታ፥ ያውም በደረቅ እንጨት መካከል ሲወጣ ምን እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። ስለዚህ መብራት መብራቱ ለመጋጠሚያው ደኅንነት ምስክር አይሆንም፤ በችሎት ብንጽፈው «ቃሉ አይበቃም» ተብሎ የሚመለስ ነው።

መጋጠሚያ ግድ የሆነ እንደ ሆነ፥ አስቀድሞ ብሬከሩ ይዘጋ፤ ሌላ ሰው ሳያውቅ መልሶ እንዳይከፍተውም አንድ ሰው በሣጥኑ አጠገብ ይቁም። (ብዙ ሰው የሚጎዳው ከባለሙያው ስንፍና ይልቅ «መብራት ጠፋ» ብሎ በሚሮጥ የቤት ሰው ነው ብዬ አምናለሁ።) ቴስተሩም መሥራቱ ኤሌክትሪክ ባለበት ሶኬት ተፈትኖ፥ ከዚያ በኋላ ሽቦው ይታይ። በአሮጌ ቤት የሽቦውን ቀለም አይመኑ። ልባሱ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ይላጥ፤ መዳቡም በቢላዋ አይቈረጥ። ሽቦዎቹ ሞርሴቶ በሚባለው ማያያዣ ገብተው ብሎኑ ይጥበቅ፤ ቀጥሎም እያንዳንዱ ሽቦ በእጅ ተስቦ ይፈተን። ይህ ሁሉ ክዳን ባለው፥ ሲፈለግም በሚከፈት የመገናኛ ሣጥን ውስጥ ይሁን እንጂ በኮርኒስ ወይም በምርጊት ውስጥ አይቀበር። መዳብና አሉሚኒየምን አብሮ መጠምዘዝ ፈጽሞ አይገባም፤ አሉሚኒየም በላዩ የማያሳልፍ ቆዳ ያወጣልና።

ለመብራት 1.5፥ ለተራ ሶኬት 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ የመዳብ ሽቦ ይዘረጋል። ምጣድ ግን ከብሬከር ሣጥኑ ጀምሮ የራሱ የሆነ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ መስመርና ለከባድ ዕቃ የተሠራ ማብሪያ ማጥፊያ ይፈልጋል፤ በማከፋፈያ ገመድም መሰካት የለበትም። ብሬከሩ እየወደቀ ቢያስቸግር፥ በትልቅ ብሬከር የሚለውጥ ሰው ጠባቂውን አሰናብቶ በሩን ክፍት እንደ ተወ ባለቤት ነው፤ ብሬከሩ የሚጠብቀው ሽቦውን ነውና።

የምድሩንም ሽቦ፥ ማለት ቢጫና አረንጓዴ የሆነውን፥ ብዙዎች ቈርጠው ይተዉታል። በምጣዱ ውስጥ ያለ ሽቦ ልባሱ አልቆ የብረት አካሉን ቢነካ፥ ኤሌክትሪኩ በዚህ ሽቦ ወደ መሬት ይወርዳል፤ ብሬከሩም ይዘጋል። ሽቦው ከሌለ ግን መንገዱ በጋጋሪዪቱ እርጥብ እጅ በኩል ነው። በ30 ሚሊ አምፔር የሚዘጋ ተጨማሪ መከላከያም በገበያ ይገኛል።

የእማማ ግቢ መስመር የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ባለው ሰው እንደ አዲስ ተሠራ። ከሣጥኑ እስከ ሰርቪሱ ማድ ቤት አንድም መጋጠሚያ የለበትም። ተከራይዪቱ እስኪያልቅ ድረስ ሁለት ሳምንት በእንጨት ጋገረች፤ እማማም በጭሱ ቢያጉረመርሙ፥ የጠቆረውን እንጨት አስነቅለው ለመጣው እንግዳ ሁሉ ያሳዩ ነበር።