ለመስቀል ውሻችሁን ይዛችሁ አገር ቤት ልትሄዱ ነው?

ገና በነሐሴ ዝናብ ስለ መስቀል ምን አስወራት እንዳትሉኝ። ምክንያት አለኝ፣ ትደርሱበታላችሁ።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በከተማችን ቡችላ የሚያሳድግ ቤተሰብ በዝቷል፤ ኮንዶሚኒየም ላይ ሳይቀር። ልጆች ደስ ይላቸዋል፣ እኔም አልቃወምም። በዓል ሲመጣ ግን "ቡቺስ?" የሚል ጥያቄ ይነሳል። ልጆቹ ያለቅሳሉ፣ አባት ይሸነፋል፣ ቡቺም የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ወደ ወልቂጤ ወይም ወደ ቡታጅራ ጉዞ ይጀምራል። የእኔ አቋም አጭር ነው፦ ያልተከተበ ውሻ ለበዓል ከቤቱ አይውጣ። ልጆቹ ቢያለቅሱም።

ባለፈው ዓመት መስቀል ካለፈ በኋላ አንድ አባት የ6 ዓመት ልጁን ይዞ መጣ። ያመጣው ለጉንፋን ነበር። ስመረምረው እጁ ላይ ሊድን የተቃረበ የጥርስ ምልክት አየሁ። "ይሄስ ምንድን ነው?" ስለው አባትየው ቀለል አድርጎ፣ "እሱማ አያቱ ቤት የኛ ቡችላ ከሰፈሩ ውሾች ጋር ሲጣላ ሊገላግል ገብቶ ነው። አያቱ ቡና ነስንሰውበት ደርቋል" አለኝ። 8 ቀን አልፎታል። ልጁን የትኛው ውሻ እንደነከሰው ጠየቅኩት። "አላየሁም" አለኝ።

ያቺ "አላየሁም" እንዴት እንዳስደነገጠችኝ ልንገራችሁ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከጀመረ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ የያዘው ሰው ይሞታል ማለት ይቻላል። ቫይረሱ ከቁስሉ ተነስቶ በነርቭ በኩል ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ይህ ጉዞ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ይፈጃል፤ በሳምንት ያለቀበት ጊዜም አለ፣ ከዓመት በላይ የቆየበትም። ክትባቱ የሚሠራው ቫይረሱ አንጎል ጋ ሳይደርስ ስንቀድመው ብቻ ነው። ስለዚህ "ቁስሉ ደርቋል" ማለት ምንም ማለት አይደለም። ቁስሉ ይደርቃል፣ ቫይረሱ መንገዱን ይቀጥላል።

የነከሰው ውሻ ቢታወቅ ኖሮ አስሮ 10 ቀን መከታተል ይቻል ነበር። ሰው በነከሰበት ሰዓት ቫይረሱ ምራቁ ውስጥ የነበረ ውሻ በእነዚህ ቀናት ውስጥ ይታመማል ወይም ይሞታል። ጤነኛ ሆኖ 10 ቀን ካለፈው የልጁ ክትባት ይቋረጣል። (ለዚህ ነው ውሻውን ወዲያው ገድላችሁ አትጣሉት የምለው።) ያልታየ የሰፈር ውሻ ግን ምን ብለን እንከታተለዋለን? ልጁን በዚያው ዕለት ክትባት አስጀመርነው። ዛሬ ደህና ነው፤ ተማሪ ቤት እየሄደ ነው።

ግን ታሪኩ በልጁ አላለቀም። ቡችላውም በዚያ ጠብ ተነክሶ ነበር፤ ክትባት ደግሞ አልነበረውም። አባትየው "የቤት ውሻ እኮ ነው" ይለኛል። የቤት ውሻ የሆነው አዲስ አበባ እስካለ ድረስ ነው! አገር ቤት ሲለቁት ከማያውቃቸው ውሾች ጋር ይጋጫል፣ ከዚያ ተመልሶ ከልጆቻችሁ ጋር ሶፋ ላይ ይተኛል። በሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ 99 በመቶው ከውሻ የሚመጣ ነው፤ ባጠራጣሪ እንስሳ ከሚነከሱት ውስጥ ደግሞ 40 በመቶው ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ልጅ ደግሞ ቁጣ ፈርቶ ይደብቃል። ከበዓል ስትመለሱ ገላውን እያጠባችሁ እጅና እግሩን እዩ፣ ሳትቆጡ ጠይቁት።

ከተነከሰስ? ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡ። ሰዓት ያዙ፣ 15 ደቂቃ ከምታስቡት በላይ ረጅም ነው። ቡና፣ በርበሬ፣ ቅጠል የሚባል ነገር አታድርጉበት። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም። ቧጨረውም ሆነ የተላጠ ቆዳ ላይ ላሰው፣ ያው ነው። ጠበል መሄድ የምትፈልጉ ሂዱ፤ እኔ ሃይማኖታችሁን አልነካም። ክትባቱን ግን ቀድማችሁ ጀምሩ። ብዙ ሰው የሚፈራው በተከታታይ ቀናት ሆድ ላይ የሚወጋውን የድሮውን መርፌ ነው። ዘመናዊው ክትባት ክንድ ላይ፣ ለሕፃናት ደግሞ ጭን ላይ የሚሰጥ ሆኖ ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፦ በመጀመሪያው ቀን፣ በ3ኛው፣ በ7ኛውና ሐኪሙ በሚነግራችሁ ቀን። ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ ቁስሉ ዙሪያ የሚወጋ ተጨማሪ መድኃኒትም አለ። ይህ ሁሉ በየገጠሩ ጤና ጣቢያ ላይገኝ ይችላል። በበዓል ቀን፣ ከከተማ ርቃችሁ፣ ክትባት ፍለጋ መኪና ስታስነሱ አስቡት።

አሁን ነሐሴ ላይ ለምን እንዳወራሁ። ውሻ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከተብ ክትባቱ እስኪሠራ 21 ቀን ያህል ይቆጠርለታል። መስቀል መስከረም 17 ነው፤ ወደ ኋላ ስትቆጥሩ ጳጉሜ መግቢያ ላይ ትደርሳላችሁ። ከ3 ወር በታች የሆነ ቡችላ ደግሞ በአብዛኛው ገና ለክትባቱ አልደረሰም፤ እሱ እቤት ይቅር። ጎረቤት ወይም የግቢው ጥበቃ ምግብና ውሃ ቢሰጠው አይሞትም።

ከውጭ ውሻችሁን ይዛችሁ ለምትመጡ፦ የሚያስቸግረው መምጣቱ ሳይሆን መመለሱ ነው። ኢትዮጵያ አሜሪካ የውሻ እብደት ስጋት ከፍተኛ ነው ብላ በመዘገበቻቸው አገሮች ውስጥ አለች፤ ከኦገስት 2024 ጀምሮ ደንቡ ጠብቋል። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚመለስ ውሻ ደግሞ የደም ምርመራ ያስፈልገዋል። ምርመራውን ከአውሮፓ ከመውጣታችሁ በፊት አሠርታችሁ ፓስፖርቱ ላይ ካስጻፋችሁ ትገላገላላችሁ፤ እዚህ ካሠራችሁት 3 ወር መጠበቅ አለ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። በበዓል ሲታረድ ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ይታያል፤ "ይሄ አይበላም" ተብሎ ለውሻ ይወረወራል። ያ ቋጠሮ ውስጥ ያለው የኮሶ ዘር የሆነ ጥገኛ ትል ነው። ውሻው አንጀት ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ ፀጉሩ ላይም ይቀራል፤ ልጅ ደባብሶት እጁን ሳይታጠብ ሲበላ ይገባበታል። ከዓመታት በኋላ የልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ያው የውሃ ቋጠሮ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። ስለዚህ ቋጠሮ ያለበትን ሥጋ አቃጥሉት ወይም በጥልቅ ቅበሩት። ቡቺን ይዛችሁ ከሄዳችሁም በዕርድ ሰዓት ይታሰር፤ የእንስሳት ሐኪሙ ጋ ለክትባት ስትሄዱም የትል መድኃኒቱን አብራችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ ማታ ማታ እመልሳለሁ። የተነከሰ ልጅ ያለው ሰው ግን መልሴን አይጠብቅ፤ ልጁን አጥቦ አሁኑኑ ይሂድ።