ሲዋክዎ ላይ ደም ካዩ



በአዋሽ ሰባትም ሆነ በሰመራ የዙህር አዛን እንደተሰማ መስጊድ በር ላይ ቢቆሙ፣ ከሸሚዝ ኪሱ ወይም ከሽርጡ እጥፋት ሲዋክ አውጥቶ ጥርሱን የሚፍቅ ሰው አያጡም። የሲዋክ ዛፍ በአዋሽ ሸለቆ የሚበቅል በመሆኑ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ከሌላው አካባቢ ይልቅ ወደዚህ ሱና የቀረቡ ናቸው። አልሐምዱሊላህ!

ነገር ግን አንዳንዱ ፍቆ ሲያበቃ የሲዋኩ ጫፍ ቀልቶ ያገኘዋል። ያኔ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ «ድዴ ስስ ነው» ብሎ ሲዋኩን እርግፍ አድርጎ ይተዋል፤ ወይም ደሙን ተፍቶ፣ ተጉመጥምጦ ሶፍ ይገባና ነገሩን ይረሳዋል። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ስህተት ነው። ጤናማ ድድ በረጋ እጅ ሲፋቅ አይደማም። የሚደማ ድድ ብዙውን ጊዜ የታመመ ድድ ነው። መፍትሔውም ሲዋኩን መተው ሳይሆን ባለሙያ ዘንድ ሄዶ ጥርስን ማሳጠብ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ከምግብ በኋላ በጥርስና በድድ መጋጠሚያ ላይ ጀርሞች የተሞሉበት ስስ ልጋግ ይጋገራል። ይህን ሲዋክም ብሩሽም ያስለቅቀዋል። ሳይነሳ ከቀረ ግን በቀናት ውስጥ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፤ ሐኪሞች ታርታር ይሉታል። አንዴ ከጠጠረ በኋላ የቱንም ያህል ቢፍቁት አይነሳም። በሥሩ የተሸሸጉት ጀርሞች ድዱን ያሳብጡታል፣ ያደሙታል፣ የአፍ ጠረንንም ያበላሻሉ። በዚህ ደረጃ በሽታው ሙሉ በሙሉ ይድናል። ችላ ከተባለ ግን ጥርሱን የያዘው አጥንት እየተበላ ይሄዳል፤ የተበላው አጥንት ደግሞ ወደ ነበረበት አይመለስም። ከሁሉ የከፋው ይህ ሁሉ ሲሆን ብዙ ጊዜ ሕመም የሌለው መሆኑ ነው። ሰውየው ሐኪም ቤት የሚሄደው ጥርሱ መነቃነቅ ሲጀምር ነው።

በውጭ አገር ጥርስ ማጠብና ድድ መጠበቅ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የመጀመሪያው የዴንታል ሃይጂኒስቶች ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1913 በአሜሪካ ብሪጅፖርት ከተማ ተከፈተ። በአገራችን ሥራውን ብዙውን ጊዜ የሚሠራው የጥርስ ሐኪሙ ራሱ ነው። ስያሜው ምንም ይሁን፣ ሐሳቡ ጥርስ ከመነቀሉ በፊት መድረስ ነው።

«ጥርስ ማሳጠብ ጥርስን ያነቃንቃል» የሚለው ወሬ ብዙዎችን ያስቀራል። እውነቱ ግን ጥርሱን ያነቃነቀው ቀድሞ የተበላው አጥንት ነው፤ ታርታሩ ሲነሳ የተደበቀው ክፍተት ይገለጣል እንጂ አዲስ ጉዳት አይፈጠርም። ለጥቂት ቀናት ቀዝቃዛ ነገር ቢጠዘጥዝዎ አይደንግጡ።

ሌላም መለየት ያለበት ነገር አለ። በስምጥ ሸለቆ ከምድር የሚወጣው ውኃ በብዙ ቦታ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ከዚያ በላይ የሆነ ውኃ እየጠጣ ያደገ ልጅ ጥርሱ ይበልዛል። ይህ ቆሻሻ አይደለም፤ በማጠብም አይለቅም። በአሸዋ ወይም በከሰል አጥብቆ መፈግፈግ ድድን ከማቁሰል በቀር ፋይዳ የለውም።

ኑሯችንም ተለውጧል። የግመል ወተት ለድድ የሚበጀው ቫይታሚን ሲ ያለበት ምግብ ነው። ዛሬ በከተማ ቦታውን ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ እየወሰደው ነው። ከአዋሽ በገዋኔና በሚሌ አድርጎ ሰመራ በሚዘልቀው መንገድ ላይ ጫት ጉንጭ ውስጥ ለሰዓታት ይዞ መጓዝ፣ ያንንም በለስላሳ ማወራረድ የተለመደ ነው። ጫት አፍን ያደርቃል፤ ስኳሩ ደግሞ ጀርሞቹን ይቀልባል። ሲጋራ ያከለበትማ ሌላ አደጋ አለበት፦ ድዱ እየታመመም ላይደማ ይችላል።

በተለይ የስኳር ሕመምተኞች አደራ! የድድ በሽታ ስኳርን ለመቆጣጠር ያስቸግራል፤ ያልተስተካከለ ስኳርም ድድን ያባብሳል። ነፍሰ ጡር እናቶችም በእርግዝና ወቅት ድዳቸው ቶሎ ይቆጣልና መታየት አለባቸው፤ ጥርስ ማሳጠብ ለፅንሱ ጉዳት የለውም።

«ረመዳን ይለፍ» ለሚሉም አንድ ነገር እናስታውስ። በጅዳ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የፊቅህ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳለፈው ውሳኔ፣ ጥርስ ማሳጠብም ሆነ ማስነቀል ወደ ጉሮሮ የሚደርሰው እስካልተዋጠ ድረስ ጾም አያፈርስም ብሏል። ልቡ ያልረጋ በሻዕባን ይታጠብ፤ ወይም ከኢፍጣር በኋላ ይሂድ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሲዋኩን እርጥቡን እንምረጥ፤ የተዳከመውን ጫፍ እየቆረጥን፣ ከድድ ወደ ጥርስ፣ ውስጡንም ጭምር በዝግታ እንፋቅ። ለሌላ ሰው አናውሰው። ማታ ሳንተኛ አንርሳ። በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ እንታጠብ፤ መሣሪያው በሙቀት የተቀቀለ መሆኑንም ሳናፍር እንጠይቅ። መግል፣ የሚነቃነቅ ጥርስ፣ ወይም ሁለት ሳምንት አልድን ያለ የአፍ ቁስል ካለ አንዘግይ።

የመስጊድ ኮሚቴዎችና ኢማሞችም ድርሻ አላቸው። ከጁሙዓ ኹጥባ ሁለት ደቂቃ ለዚህ ቢሰጥ፣ የከተሞቹ ጤና ተቋማትም የጥርስ እጥበት ቀን እንዲያዘጋጁ ጀመዓው ቢጠይቅ፣ አባወራው አዲስ አበባ ድረስ መንገድ ሳይመታ ቤተሰቡን ያሳክማል። ነጭ ሽንኩርት በልቶ ወደ መስጊድ መምጣትን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የከለከሉት ጎን ለጎን የሚሰግደው እንዳይቸገር ነው። ከታመመ ድድ የሚወጣው ጠረንም ያንኑ ወንድም ያስቸግራል። ሲዋክን በየሶላቱ ግዴታ ለማድረግ ያልፈለጉትም ለኡመታቸው አዝነው መሆኑን እናውቃለን። ያን እዝነት በድዳችን ላይ ችላ በማለት አንመልሰው።

አላህ (ሱ.ወ.) ጤናችንን ይጠብቅልን። አሚን!