ላሟን ማን ጠየቃት?

ሰሞኑን አንድ የዓሣ እርባታ አሠልጣኝ ስለ መኖ መጨነቅ እንደማያስፈልግ፣ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ በአገሩ ሞልቶ እንደተረፈ ለሠልጣኞቻቸው ሲያበሥሩ አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ አንድ ጥያቄ ነበረኝ። ለመሆኑ እኚህ ሰው ፋጉሎ ገዝተው ያውቃሉ?

ሱሉልታ ወይም ቢሾፍቱ ወረድ ብለው አንድ የወተት ላም አርቢ ያነጋግሩ። ፋጉሎ ፈላጊ ያጣ ነገር ነው ቢሉት ከበረቱ ያስወጣቸዋል። ዘይት መጭመቂያው በር ላይ ኬሻ ይዞ የሚጠብቀው እሱ ነው፤ ከዱቄት ፋብሪካ ፉርሽካ የሚያስጭነውም፣ ከቢራ ፋብሪካ አተላ የሚያመላልሰውም እሱ ነው። የጠላና የአረቄ አተላ እንኳ አዲስ አበባ ውስጥ ደንበኛ አለው። ባለቤት ባለው ዕቃ ላይ አዲስ ተጫራች ጠርቶ «ርካሽ አማራጭ» ማለት ምን ዓይነት ሒሳብ ነው? ኩሬው በበዛ ቁጥር ፋጉሎው ይወደዳል፤ ወተቱም ይከተለዋል። የመንግሥት የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ዓሣንም ወተትንም ይፈልጋል፤ አንዱን ከሌላው አፍ እየነጠቁ ማብላት ግን በዕቅዱ ውስጥ ያለ አይመስለኝም።

የዝንብ እጭ አለልን የሚሉም አሉ። ደግ፤ የጥቁር ወታደር ዝንብ እጭ በፕሮቲን የበለጸገ ነው። እጩ ራሱ ምን ይበላል ሲባል ግን መልሱ ብዙ ጊዜ ዞሮ እዚያው የቢራ አተላ ላይ ይወድቃል!

ይሁን፣ ላሟ ትቅር። ላም የፋጉሎን አሰር አመስኩታ ወተት ታደርገዋለች፤ የኩሬው ዓሣ ቆሮሶ ግን አያመሰኳም። አሰር የበዛበትና ላይሲን የሚያንሰው ፋጉሎ፣ ፕሮቲኑ ከእሱም በእጅጉ ዝቅ ካለው ፉርሽካ ጋር ተቀላቅሎ ዱቄት ሆኖ ይበተናል። ያልተበላው ይሰምጣል፣ ይበሰብሳል፣ የውኃውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ሲነጋ ዓሦቹ አፋቸውን ወደ ላይ ከፍተው አየር ሲለምኑ ይገኛሉ። አርቢውም «ዘመናዊ እርባታ አይሆንልንም» ብሎ ኩሬውን ይደፍነዋል።

እ.ኤ.አ. በ2015 በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ወተት ውስጥ አፍላቶክሲን የተባለ የሻጋታ መርዝ ተገኘ ተብሎ አገር ሲንጫጫ ጣት የተቀሰረው በዚሁ በኑግ ፋጉሎ ላይ ነበር። ሻጋታ ስለሚወደው ስለዚህ መኖ አከመቻቸት አሠልጣኙ አንዲት ቃል አልተነፈሱም።

ቆሮሶ በሐዋሳና በዝዋይ ሐይቅ የኖረው ማንም ፋጉሎ ሳይሰፍርለት፣ አልጌ እየበላ ነው። ውኃውን በፍግ አረንጓዴ አድርጎ፣ ጥቂት የዓሣ ጫጩት ብቻ ጨምሮ፣ መኖን ለማጎልበቻ ያህል መስጠት ይቻላል። (ፍጉንም ምድጃ እንደሚሻማው አውቃለሁ፤ ቢያንስ አርቢው ከራሱ በረት የሚዝቀው ነው።) እንዲህ ሲሆን ከአንድ ኩሬ የሚወጣው ዓሣ ያንሳል፣ ለሪፖርትም አያምርም፤ አሠልጣኙ ሳያነሱት ያለፉት ለዚህ ይሆናል።