ስለ ጨረቃ ፍጥረቶች ልጅ አስተዳደግ

በዚህ ገጽ ስለ ልጆች ምግብና ስለ ትምህርታቸው መጻፍ ልማዳችን ነው፤ ዛሬ ግን ክቡራን አንባቢዎቻችን አይደነቁብንና ነገራችንን ከጨረቃ እንጀምራለን። ኤች ጂ ዌልስ የተባለው እንግሊዛዊ ደራሲ በፈረንጆች ቁጥር በ1901 ዓመት፤ በጨረቃ ውስጥ ይኖራሉ ብሎ በልቡ አስቦ ስለ ፈጠራቸው ፍጥረቶች የሚናገር መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። በ1969 ዓመት የአሜሪካ ሰዎች ጨረቃን ረግጠው ከአፈርና ከድንጋይ በቀር ሕይወት ያለው ነገር አላገኙባትም፤ ቢሆንም ልጅ የሚያሳድግ ሰው ይህን መጽሐፍ ቢያነብ አይጸጸትም።

እነዚህ ፍጥረቶች ሴሌናይት ይባላሉ። መልካቸው ጉንዳን ይመስላል፤ የሚኖሩትም በጨረቃ ሆድ ውስጥ በዋሻ ነው። እንደ ንብ ሁሉ ወላድ የሆኑት ሴቶች ጥቂቶች ናቸው፤ እነርሱም የወለዱትን ማሳደግ ስለማይችሉበት ሕፃናቱ ለማይወልዱ ሞግዚቶች ይሰጣሉ። እያንዳንዱም ለአንድ ሥራ ብቻ ይታነጻል፤ አካሉም ሥራውን ይከተላል። የሊቁ ራስ ያለ ልክ ያብጣል፤ እግሩ ግን ስለሚመነምን አሽከሮች ይሸከሙታል። መጽሐፍ የላቸውምና የዕውቀታቸው ሁሉ ግምጃ ቤት የሊቃውንቱ ራስ ነው። ሥራ ያልተገኘለት ደግሞ እስኪፈለግ ድረስ በመድኃኒት አስተኝተው ያስቀምጡታል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የመኪና ጠባቂ እንዲሆን የታሰበው ሕፃን ነገር ነው። ይኸውም ሰውነቱን በማሰሮ ውስጥ አስገብተው እጁን ብቻ ወደ ውጭ ያወጡታል፤ እጁን በመርፌ እየመገቡ ያወፍሩታል፤ የቀረው አካሉ ግን ይራባል። ካቮር የተባለው መንገደኛ ያችን ከማሰሮ የወጣች እጅ አይቶ እጅግ አዘነ፤ ነገር ግን ያለ ሽቦ በሚሠራ ቴሌግራፍ ወደ ምድር በላከው ወሬ፤ ልጅን ሰው እስኪሆን አሳድጎ ከዚያ በኋላ መኪና ከማድረግ ይህ ይሻላል ብሎ በእኛ ላይ ፈረደ።

በዚህ ፍርድ አንስማማም። እርግጥ ነው፤ ልጃቸው ገና ፊደል ሳይቆጥር የሚቀመጥበትን የጽሕፈት ቤት ወንበር የመረጡለት አባቶች እኛም እናውቃለን። ነገር ግን በማሰሮ ያደገ እጅ ሌላ ሥራ ልሥራ ቢል አካል የለውም፤ ሰው ሆኖ ያደገ ልጅ ግን እምቢ የሚልበት ልብ፤ የሚሄድበትም እግር አለው። ለዚህ ምስክር የምንጠራው ራሱን ዌልስን ነው።

እናቱ አፕፓርክ በሚባል የባላባት ቤት የሴቶች ሠራተኞች አዛዥ ነበረች። ከጨርቅ ሻጭነት የሚበልጥ የተከበረ ሥራ አለ ብላ አታምንም ነበርና ሁለቱን ታላላቅ ወንድሞቹን ለዚሁ ሙያ ሰጥታ እርሱንም በ1881 ዓመት በውል አስገባችው። ክፋት አልነበረባትም፤ እንጀራው እንዳይጎድልበት ብላ ነው። እርሱ ግን ሁለት ዓመት ያህል ጨርቅ ሲጠቀልልና ሲዘረጋ ከቆየ በኋላ አንድ እሑድ ማለዳ ቁርስ እንኳ ሳይቀምስ 17 ማይል ያህል በእግሩ ሄዶ፤ ወደዚያ ሱቅ አልመለስም ብሎ ነገራት። እናቲቱ ብትከራከርም በመጨረሻ ለቀቀችው። እርሱም የትምህርት ቤት ረዳት መምህር ሆነ፤ በ1884 ዓመትም በመንግሥት ገንዘብ ሎንዶን ገብቶ ከሊቁ ከቶማስ ሀክስሊ ስለ ሕያዋን ፍጥረት ተማረ። የጨረቃን ፍጥረቶች አካል እንዲህ አድርጎ ሊያስብ የቻለውም ከዚያ ትምህርት የተነሣ ነው።

እናቱ የሞተችው በ1905 ዓመት ነው፤ ስለዚህ የማሰሮው ታሪክ ታትሞ ሲወጣ ገና በሕይወት ነበረች።